የተለቀቀልኝ ዙር

ጁባ፣ ሙኑኪ
ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ሮዳስ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እትዬ ተሻለችስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኔ ከሙቀቱና ከጎረቤት ጄኔሬተር ጩኸት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

“በዚህ ዕድሜሽ ጌም ምን ያደርግልሻል?” ላልሽኝ በስልክ ያልመለስኩልሽ መልሱ ረጅም ስለሆነ ነው። ስልክ ላይ ትስቂና ታልፊዋለሽ። በጽሑፍ ሲሆን ግን ማቋረጥ አትችዪም፣ እስከ መጨረሻው ታነቢኛለሽ። ስለዚህ እንደ ድሯችን ደብዳቤ ይሁን። በኢሜይል ቢሄድም ያው ደብዳቤ ነው።

የማስተምርበት ማሠልጠኛ ኮምፒውተሮች አንድ ድርጅት ሲዘጋ ጥሎልን የሄዳቸው ናቸው። ለመነሳት እንኳ ያቃስታሉ። ልጆቹን ታይፒንግ ተለማመዱ ስላቸው ያዛጋሉ፣ ከሰዓት በኋላ ግማሾቹ አይመጡም። አንቺ የላክሽልኝ የብርሃን ሞተር ውድድር ግን በነዚህ አሮጌዎች ላይ እንኳ ያለ ምንም ችግር ሠራ። እንደጻፍሽልኝ አንዱን ኮምፒውተር ሰርቨር አደረግኩት፣ ሌሎቹ እሱ ላይ ገቡ። ይኸው አሁን ማንም ከክፍል አይቀርም። በር ስከፍት ተሰልፈው ነው የማገኛቸው። ብታያቸው ትኮሪብኛለሽ።

መመሪያሽ ጥሩ ነበር፣ አንድ ነገር ግን ሳትነግሪኝ ቀርተሻል። መጀመሪያ ከኮምፒውተሩ ጋር ብቻዬን ተለማመድኩ። ግራና ቀኝ መታጠፍ፣ ከኋላዬ የሚቀረውን የብርሃን ግድግዳ አለመንካት፣ የሌላውንም አለመንካት፣ መጨረሻ ላይ ቆሞ የቀረ ማሸነፉ፣ ይኼ ሁሉ ገባኝ። ከዚያ ደፈር ብዬ የውጭ ሰዎች የሚጫወቱበት ሰርቨር ገባሁ። ታዲያ ሰው ያለበት ገብቼ ዝም ልል ነው? መጻፊያውን ከፍቼ ለእያንዳንዱ በስሙ “ሰላም፣ እንደምን ዋልክ” ማለት ጀመርኩ። ለሦስተኛው ሳልጨርስ ሞተሬ ግድግዳ ላይ ተፈረካከሰ። በሚቀጥለው ዙር ሰላምታውን ካቆምኩበት ሰው ቀጠልኩ። አሁንም ተፈረካከስኩ። ለካ ይኼ ሞተር ቁም ቢሉት አይቆምም! ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁብኝ። አቶንግ የምትባል ጋምቤላ ካምፕ ያደገች ተማሪ አለችኝ፣ አማርኛዋ ከኔ ይፈጥናል። “ቲቸር፣ መጀመሪያ ግደያቸው፣ ሰላም የምትያቸው ከዚያ ነው” አለችኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ይህን ጌም ከቢሮሽ ልጆች ጋር እንደምትጫወቺና የሚችልሽ እንደሌለ ነግረሽኛል። ላሸንፍሽ እፈልጋለሁ። አባቴ እናንተ ጋ በአደራ ትቶኝ ከሄደ ጀምሮ ገበጣም ሆነ ካርታ ስንጫወት የማሸንፈው እኔ ነበርኩ። ሳሪስን በሙሉ የምታሸንፊው ደግሞ አንቺ። ልጅ ብሆንም ሞኝ አልነበርኩም። አንድ ቀን እትዬ ተሻለች ወጥ ቤት ሆነው “ተይላት፣ የሰው ልጅ ናት” ሲሉሽ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ በእናንተ ቤት ያሸነፍኩት ሁሉ የራሴ ይሁን ለእንግዳ የተሰጠ መለየት አቅቶኛል። ዛሬ በሀገሬ ነኝ፣ የራሴ ክፍልና የራሴ ተማሪዎች አሉኝ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በገዛ እጄ ላሸንፍሽ። ትመጪያለሽ?

ናፋቂሽ
አሉኤል


አዲስ አበባ፣ ሳሪስ
ጥቅምት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

አንቺ ሰላምተኛ!

ደብዳቤሽን ለእማዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሰላምታው ጋ ስንደርስ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፣ ከዚያ ደግሞ “ታዲያ ምን አጠፋች? አስተዳደጌ ነው” ብላ ኮራችብሽ። ጉልበቷ ደህና ነው። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ አያማትም፣ ገበያ እንሂድ ስላት ብቻ ነው የሚነሳባት።

ወጥ ቤት ውስጥ ስላልሽው ጠይቄያት ነበር። “ሽንኩርቱን ተይላት ብዬ ይሆናል” አለችኝ። ይኸውልሽ፣ ልጆች ነበርን፣ ማን ያስታውሰዋል? ዝም ብለሽ ነው የምትብሰለሰዪው።

በስልክ “ለምን ቶሎ ቶሎ እሞታለሁ?” ላልሽኝ ግን መልስ አለኝ። ጀማሪ ሁሉ ግድግዳ ይሸሻል። ሜዳው መሃል ይንሸራሸራል፣ ደህና የሆነ ይመስለዋል፣ ሌላው በዙሪያው አጥሮ ይጨርሰዋል። ፍጥነት ያለው ግን ግድግዳው ጥግ ነው። የሌላ ሰው ብርሃን አጠገብ ተጠግተሽ ስትነጂ ሞተርሽ ይፈጥናል፣ በጣም በተጠጋሽ ቁጥር በጣም ትፈጥኛለሽ። ልብ ይጠይቃል። ፍሬኑ እምብዛም ስለማይሠራ አትመኚበት። ካሜራውን ከኋላና ከፍ አድርጊው፣ አለዚያ የራስሽን ግድግዳ ከየት እንደመጣ ሳታዪ ትገቢበታለሽ። ደግሞ ከጁባ የምትጫኚው ቁልፍ እዚህ እስኪደርስ ትንሽ ይዘገያል። መታጠፊያውን ስታዪው ሳይሆን ልታዪው ስትዪ ተጫኚ። የሚዘገይ ኢንተርኔት ያለው ሰው ከልቡ ከተማረ አደገኛ ነው የሚሆነው።

ስምና ቀለም ምረጪ። እኔ ቢጫ ነኝ፣ ቢጫን እንዳትነኪብኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ፣ ሁለት የቢሮ ልጆችም አስከትላለሁ። እንደማትችዪኝ ግን ከወዲሁ እወቂው።

እህትሽ
ሮዳስ


ጁባ፣ ሙኑኪ
ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ሮዳስ፣

እንደምን ከረምሽ? እንደምን አለሽ የኔ ቢጫ?

አሸነፍኩሽ! ስልኩን የዘጋሁብሽ ጩኸቱ ስላላሰማኝ ነው እንጂ ተናድጄ አይደለም። “ያ ሁሉ ሰው ከየት መጣ?” ላልሽው ደግሞ፣ የተጫወትነው ማሠልጠኛው ውስጥ አልነበረም። የኛ ኢንተርኔት ከእናንተ ጋር አያገናኝም። እዚሁ ሙኑኪ ጋሽ ሠርፀ የሚባሉ ሆቴል ያላቸው የደብረ ብርሃን ሰው አሉ። ነገሩን ሳስረዳቸው “ከአዲስ አበባ ጋር ነው የምትገጥሚው? በኔ አዳራሽማ ነው የሚሆነው” ብለው ኳስ የሚታይበትን ትልቁን ቴሌቪዥን ሰጡን። ኮምፒውተሮቹን በቦዳቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ብስክሌት አመላለስናቸው። ልጆቹ በጭናቸው ታቅፈው ሲያመጧቸው ሕፃን ልጅ ክሊኒክ የሚያደርሱ ነበር የሚመስሉት።

አቶንግን አየሻት? አረንጓዴዋ እሷ ናት። የሙኑኪ ቦዳቦዳ ነጂ በጠባብ መንገድ አጥር እየታከከ እንደሚያልፈው ነው የምትነዳው። ሁለቱን የቢሮ ልጆችሽን እሷ ነች የጨረሰቻቸው። ማታ ቤቷ ስትገባ ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቶ ጠበቃት። እኔም እንዲሁ ነኝ፣ መንገድ ላይ የማላውቃቸው ሰዎች “ቲቸር፣ ሐበሻዋን አሸነፍሻት አሉ” ይሉኛል። ጋሽ ሠርፀ ሀገራቸው ተሸንፎ እንኳ ለሁሉም ለስላሳ አስከፍተው “ከሁለቱም ወገን ነኝ፣ እኔ ምን ጨነቀኝ” ሲሉ ነበር።

ራሴን ከፍ አድርጌ ነው የምሄደው ሮዲ። ሌላ የምለው የለኝም።

አንድ ነገር ብቻ። በመጨረሻው ዙር ሁለታችን ስንቀር ሦስት ጎኔን ዘግተሽብኝ ነበር። ቀጥ ብለሽ ብትነጂ አልቆልኝ ነበር። ለምን ታጠፍሽ?

አሉኤል


አዲስ አበባ፣ ሳሪስ
ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ አሉኤል፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? ሥራ እንዴት ነው? ሙቀቱስ? ተማሪዎችሽስ? አቶንግንም ሰላም በያት። ጋሽ ሠርፀንም ሳላውቃቸው አክብሮቴን አድርሺልኝ። እኛ ሁላችንም በጣም ደህና ነን።

እንኳን ደስ አለሽ! ግሩም ነበርሽ። ቢሮ ውስጥ እስካሁን ስምሽ ይነሳል። እዚህ ብርዱ ገብቷል። እማዬ የሳሎኑን ወንበር ጨርቅ አስቀየረች፣ አረንጓዴ ነው፣ አልወደድኩትም ግን ምን ይደረጋል። የጎረቤታችን የነጃት ልጅ ልታገባ ነው፣ ድንኳኑ የኛንም በር ይዘጋል መሰለኝ። “ለትዳር መቼ ነው የምታስቢው ብለሽ ጠይቂያት” ብላኛለች እማዬ፣ ጠየቅኩሽ በቃ።

ስለ መታጠፉ የጠየቅሽኝ፣ እጄ አዳልጦኝ ይሆናል። ኢንተርኔቱም ዘገየ መሰለኝ። ይቅርታ፣ በደንብ አላስታውሰውም። ዋናው ማሸነፍሽ ነው፣ አይደል?

በጣም የምትወድሽ
ሮዳስ


ጁባ
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሮዳስ፣

እኔ ያልኩሽ አንድ ነገር ነው፣ አንቺ ስለ ወንበር ጨርቅ ጻፍሽልኝ።

የሞተ ተጫዋች የሌላውን ሞተር ከኋላ ሆኖ ማየት እንደሚችል አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ። አቶንግ ከኔ ቀድማ ስለሞተች መጨረሻውን ዙር ያየችው ከአንቺ ጀርባ ሆና ነው። ለሳምንት ያህል ልትነግረኝ ስታመነታ ቆይታ ትናንት ክፍል ውስጥ ቀረበችኝ። “ቲቸር፣ ሴትዮዋ ለቀቀችሽ እኮ። ዋላሂ፣ ከፊት ለፊቷ ባዶ ሜዳ ነበር፣ ሆን ብላ ነው የታጠፈችው” አለችኝ። በሹክሹክታ ነው የነገረችኝ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙብኝ። ተማሪዬ አዘነችልኝ።

ይገባሻል? አዳራሹ ሙሉ ሰው እልል ብሎልኛል። ራሴን ከፍ አድርጌ ነው የምሄደው ብዬ ጽፌልሻለሁ። አሁን ሰው መንገድ ላይ ሲያመሰግነኝ አንገቴን ደፍቼ ነው የማልፈው። በገዛ ሀገሬ፣ በራሴ ተማሪዎች ፊት እንግዳ አደረግሽኝ። እሺ በእናንተ ቤት እንግዳ ነበርኩ፣ ትልቁን የዶሮ ብልት ብትሰጡኝ፣ ገበጣውን ብትለቁልኝ ወግ ነው። ጁባ ድረስ ተከትለሽኝ መጥተሽ ትለቂልኛለሽ?

አንድም ቀን ከልብሽ ገጥመሽኝ አታውቂም። ሰው የሚለቀው ለማይፈራው ነው።

ከልብሽ ልትጫወቺ ካልሆነ አትጻፊልኝ።

አሉኤል


አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሉኤል፣

ዝም ያልኩት ተናድጄ ነው። ይኸው አሁንም አልበረደልኝም።

አዎ፣ ለቀቅኩልሽ። “ስንት ጊዜ?” ብለሽ በመልእክት ለጠየቅሽው መልሱ ሁልጊዜ ነው። ግን አንቺ ብቻ ነሽ የተጎዳሽው? በእኔ በኩል ምን እንደሚመስል አንድ ቀን አስበሽው ታውቂያለሽ? ሳሪስ ውስጥ ወንድ ሴት የማይችለኝ ልጅ ነበርኩ። ቤት ስገባ ግን በየቀኑ በትእዛዝ እሸነፋለሁ። አንቺ እጅሽን እያጨበጨብሽ ስትዘዪ እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቅስ ነበር። “ሮዳስን አሸነፍኳት” ብለሽ ለሰፈሩ ስታወሪ ዝም እል ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ኩራት አለኝ እኔም! የዋጥኩት ለአንቺ ብዬ ነው። አሁን ተገልብጦ እኔ ላይ መጣ።

ቅዳሜ ለት ደግሞ አስቤ አላደረግኩትም፣ እመኚኝ። ዘግቼሽ ነበር፣ ልጨርስሽ ነበር። ከዚያ ከኋላሽ የልጆቹን ጩኸት በጆሮ ማዳመጫው ሰማሁ፣ ስምሽን ሲጠሩ። እጄ ብቻውን ታጠፈ። ያደገበት ነው፣ ምን ላድርገው?

ደብዳቤሽን ለእማዬ ልደብቃት ነበር፣ አልቻልኩም። አነበብኩላት። ከዚያ “ሰምታኝ ነበር ማለት ነው” አለች። ሽንኩርት የሚባል ነገር አላነሳችም። አባትሽ እጅሽን እጇ ላይ አስይዞ ሲሄድ፣ ይቺ ልጅ በቤቴ አንድም ቀን ከፍቷት እንዳታድር ብላ ለራሷ ምላ ነበር። ስትሸነፊ የሚከፋሽ መስሏት ነው። “ልጅ እንደሚያሳድግ ሰው ሳይሆን አደራ እንደያዘ ሰው ፈርቼ አሳደግኳት” ብላ አለቀሰች። አልቅሳ ስታበቃ ደግሞ፣ ታውቂያት የለ፣ ተቆጣች። “እሷስ ብትሆን ይኼን ሁሉ ዘመን እትዬ እያለች ስትጠራኝ ምን ልሁን? በዪ ሂጂና ምቻት። ሳትራሪ ምቻት። እሷም እትዬ ማለቷን ትተው” አለችኝ።

ትእዛዝ ነው፣ ሰምተሻል። ከገና በኋላ ቅዳሜ እመጣለሁ። በአንቺ ሰርቨር ይሁን፣ መዘግየቱ በእኔ ላይ ይሁን፣ ኋላ ሰበብ እንዳታገኚ። ልጆቹንም ሰብስቢያቸው፣ ሰፈሩንም ጥሪው።

አልለቅልሽም።

ሮዳስ


ጁባ፣ ሙኑኪ
ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሮዳስ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰሽ። እኔ የዚህኛውንም የእናንተንም አክብሬ ገናን ሁለት ጊዜ በልቻለሁ።

“ከውድድሩ በኋላ ለምን ስልክ አላነሳሽም፣ ተቀየምሽኝ እንዴ?” ላልሽኝ፣ አልተቀየምኩም። ድምፄ ጠፍቶ ነበር። ለምን እንደጠፋ ልንገርሽ።

አንድም ዙር አልተውሽልኝም። አንድም! በመጀመሪያው ዙር ገና ሳልነሳ ጨረስሽኝ። በሁለተኛው አቶንግንና እኔን አንድ ጥግ ላይ አንድ ላይ ቀበርሽን። ከዚያ በኋላ ያለውን አንቺም ታውቂዋለሽ። የአዳራሹ ሰው አፍሮልኝ እኔን ማየት ትቶ መሬት መሬት ያይ ነበር። መሃል ላይ ጋሽ ሠርፀ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው “ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም የኔ ልጅ፣ ጄኔሬተሩን ላጥፋውና መብራት ሄደ እንበል?” አሉኝ። ደግ ሰው! እጃቸውን ይዤ “ጋሽዬ፣ ዛሬ ጄኔሬተሩን የነካ ሰው ከኔ ጋር ይጣላል” አልኳቸው።

መጨረሻውን ዙር ስትዘጊብኝ ጠበቅኩ። አሁን ትታጠፋለች፣ አሁን ትለቅልኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አልታጠፍሽም። ሞተሬ በቢጫው ግድግዳሽ ላይ ተበተነ። ያኔ ተነስቼ እልል አልኩ ሮዲ። ድምፄ የጠፋው በእልልታ ነው። ልጆቹ ያበድኩ መሰላቸው። አቶንግ “ቲቸር፣ ተሸንፈሽ እልልታ?” አለችኝ። “ያሸነፈችኝ እህቴ ናት” አልኳት። “እንግዳ አይደለሁም አቶንግ፣ እህቷ ነኝ፣ አላየሽም እንዴት አድርጋ እንደደበደበችኝ?” አቶንግ አምስት ወንድሞች ስላሏት ወዲያው ገባት። ለሌሎቹ በጁባ አረብኛ አስረዳችልኝና እነሱም አብረውኝ ጮኹ።

እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም። ያን ሁሉ ችሎታሽን በኔ ላይ አወጣሽው። ለካ ይህን ያህል ትችያለሽ? ለካ እስከዛሬ ያልሰጠሽኝ ይኼን ነበር?

አሁን እውነተኛ እጅሽን አይቻለሁ። ከተማሪዎቼ ጋር ቁጭ ብለን እያንዳንዷን መታጠፊያሽን ተነጋግረንባታል። አንድ ነገር አግኝተንብሻል። ምን እንደሆነ አልነግርሽም። ጨዋነት ከእናንተ ቤት ነው የተማርኩት፣ ይቺን ግን ሙኑኪ ነው የተማርኳት። ከጥምቀት በኋላ ነይ።

እማዬን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ልጅሽ አሉኤል ሳሚያት አለችኝ በያት።

አሉኤል


አዲስ አበባ፣ ሳሪስ
ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

አንቺ፣

ሰላምታ የለም። ተናድጃለሁ።

“ደህና ገባሽ?” ብለሽ የላክሽልኝን መልእክት አይቼዋለሁ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ የት ነው የምገባው? እየተሳለቅሽብኝ ነው።

ዘግቼሽ ነበር! እምላለሁ ዘግቼሽ ነበር። በአራቱም በኩል! ከየት ወጣሽ? ቢሮ ሄጄ በወረቀት ላይ ሥዬ ለልጆቹ አሳየኋቸው፣ እነሱም አልገባቸውም። በእኔው ግድግዳ ጥግ ጥጉን ተጠግተሽ፣ በእኔው ብርሃን ፈጥነሽ፣ ከፊቴ ገብተሽ መንገዴን ቆረጥሽው አሉኝ። ይኼን መንገድ ማን አስተማረሽ? እኔ? ምነው እጄን በቆረጠው!

ከኢንተርኔቱ ነው እንዳልል ኢንተርኔቱ ደህና ነበር። አመመኝ እንዳልል አላመመኝም። ሰበብ ስፈልግ ነው የሰነበትኩት፣ የለኝም። ጠረጴዛውን ስመታው የኪቦርዱ ቁልፍ ተነቅሎ ሶፋ ሥር ገባ፣ እሱን ስፈልግ ጭንቅላቴን መታሁት። እራት አልበላሁም። ይኸው እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ፊቴ ይግላል። በሕይወቴ እንዲህ ተሸንፌ አላውቅም። አንቺ እየዘለልሽ ስታጨበጭቢ ደግሞ በጆሮ ማዳመጫው እሰማሽ ነበር፣ አሁንም እንደዚያው ነሽ፣ አትለወጪም!

እማዬ ጩኸቴን ሰምታ መጣች። “ማን እንዲህ አደረገሽ?” አለችኝ። “ልጅሽ ናታ! ያቺ ባለጌ ልጅሽ!” አልኳት። በሩ ላይ ቆማ ለረጅም ጊዜ ሳቀች። ከዚያ አጠገቤ ቁጭ ብላ “አይዞሽ፣ ነገ ደግሞ አንቺ ታሸንፊያለሽ” አለችኝ፣ ለአንቺ ትል እንደነበረው። ለእኔ እንዲህ ብላኝ አታውቅም። ማባበሏን አልወደድኩትም፣ ግን ዝም ብዬ ተባበልኩ።

እንኳን ደስ አለሽ አልልሽም። እሱን ለባዕድ ነው የምለው። ለአቶንግና ለልጆቹ ብቻ እንኳን ደስ አላችሁ በዪልኝ።

ያሸነፍሻት እህትሽ
ሮዳስ